የሳዎ ፓውሎው ነብር
የአርቱር ፍሪደንራይሽ ሕይወትና ያልተፈታው የግቦቹ ሒሳብ

ጨዋታው ከተመልካቹ ዓይንና ልብ በቀር ሌላ መዝገብ ባልነበረው ዘመን የተነሣ ስፖርተኛ ታላቅነቱን ለተከታዩ ትውልድ ለማስረዳት ይቸገራል። የሚያሳየው ፊልም አይኖርም፤ ቢኖርም ጥቂት ቅንጣት ነው። የሚቀረው በጋዜጣ ዓምድ ላይ የታተመ አጭር ዜናና ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ወሬ ብቻ ይሆናል። የብራዚል እግር ኳስ የመጀመሪያው ታላቅ አጥቂ አርቱር ፍሪደንራይሽ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። ስሙ በልዩ ልዩ አገሮች በታተሙ የስፖርት መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ ዳሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ቁጥር ጋር ተያይዞ ነው። ቁጥሩም 1,329 ግብ የሚለው ነው። ይህ ቁጥር በጽኑ መሠረት ላይ የቆመ አለመሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ታዲያ ቁጥሩ ሲወድቅ ሰውየውም አብሮ ይወድቃልን? ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ለማግኘት የሕይወቱን ጉዞ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሪደንራይሽ የተወለደው ጁላይ 18 ቀን 1892 በሳዎ ፓውሎ ከተማ ነው። አባቱ ኦስካር ከጀርመን መጥተው ብራዚል ውስጥ ከሰፈሩ ቤተሰቦች የተወለደ ነጋዴ ሲሆን፣ እናቱ ማቲልዴ ደግሞ ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰዱ ሰዎች ዘር የተገኘች ጥቁር ብራዚላዊት ነበረች። በብራዚል የባሪያ አገዛዝ በሕግ የተሻረው በ1888 ስለ ነበር፣ ሕፃኑ ሲወለድ ከአዋጁ ገና አራት ዓመት ማለፉ ነው። አዋጅ በአንድ ቀን ይፈረማል፤ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይሻርም። ክልሱ ልጅ ከአባቱ የወረሰው አረንጓዴ ዓይንና የጀርመን ስም፣ ከእናቱ የወረሰው ጠይም መልክና ጥቅልል ፀጉር በአንድ ፊት ላይ ተገናኝተው፣ በዕድሜው ሙሉ አንዱ በር ሲከፍትለት ሌላው ሲዘጋበት ኖሯል።

እግር ኳስም በዚያች ከተማ እንደ እርሱ ገና ጨቅላ ነበር። ከእንግሊዛዊ ቤተሰብ የተወለደው ቻርልስ ሚለር ትምህርቱን በእንግሊዝ አገር አጠናቆ በ1894 ወደ ሳዎ ፓውሎ ሲመለስ ኳሶችንና የጨዋታውን ደንብ ይዞ እንደ መጣ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በተከታታይ የተቋቋሙት ክለቦች የእንግሊዛውያን፣ የጀርመናውያንና በቡና ንግድ የበለጸጉ ቤተሰቦች ማኅበራት ነበሩ። ተጫዋቹ ደመወዝ አይከፈለውም፤ እንዲያውም የአባልነት መዋጮ የሚከፍለው ራሱ ነው። ስለሆነም ሠራተኛውና ድኻው፣ በተለይም ጥቁሩ፣ ከአጥር ውጭ ሆኖ ከመመልከት አያልፍም ነበር። ወጣቱ ፍሪደንራይሽ በ1909 ዤርማኒያ በተባለው የጀርመናውያን ክለብ ውስጥ ሊገባ የቻለው የአባቱ ስም አብሮት ስለ ነበር ነው። ኳስ መጫወትን ግን የተማረው በክለቡ ሜዳ አልነበረም። ያስተማረችው የሳዎ ፓውሎ መንገድ ናት።

ከዤርማኒያ ወጥቶ በሌሎች የከተማይቱ ክለቦች ሲዘዋወር ችሎታው ሳይደበቅ ቀርቶ፣ በ1912 ማኬንዚ ለተባለው ቡድን ሲጫወት የሳዎ ፓውሎ ሊግ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ገና 20 ዓመቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ከእንግሊዝ የመጣው አጨዋወት በቀጥታ መስመርና በጉልበት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ኳስ በረዥሙ ትመታለች፣ ተጫዋች ከተጫዋች ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል። ቀጭኑና ቀላሉ ፍሪደንራይሽ ግን በሰውነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ መስሎ በሌላው ያልፋል፤ ኳሷንም በጎኗ መትቶ በአየር ላይ እንድትጠማዘዝ ያደርጋታል። ብዙ የብራዚል ጸሐፊዎች ይህ ብልሃት የተወለደው ከችግር እንደ ሆነ ያስረዳሉ። ጥቁር ወይም ክልስ ተጫዋች ከነጭ ጋር ቢጋጭ ዳኛው ፊሽካውን ሊነፋ የሚችለው በእርሱ ላይ ነው፤ እርሱ ሲመታ ግን ፊሽካው ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ግጭትን መሸሽ፣ በሽሽቱም ውስጥ ማጥቃትን መማር ግድ ሆነበት። ዓለም ከብዙ ዓመታት በኋላ የብራዚል አጨዋወት ብሎ ያደነቀው ነገር አንዱ ምንጩ ከዚህ ይቀዳል።

ይሁን እንጂ ሜዳ ላይ ያገኘው ክብር ከመልኩ ጋር አላስታረቀውም። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ፀጉሩን በቅባት ለውሶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ጥቅልሉ እስኪረታ ድረስ ይጠባበቅ እንደ ነበርና በዚህም የተነሣ ወደ ሜዳ የሚገባው ከሁሉም በኋላ እንደ ነበር የስፖርት ጸሐፊው ማሪዮ ፊልዮ በ1947 ባወጣው መጽሐፍ ተርኮታል። በሪዮ ደ ጃኔይሮም ካርሎስ አልቤርቶ የተባለ ክልስ ተጫዋች ፊቱን በሩዝ ዱቄት ይቀባ እንደ ነበር ይነገራል። ዛሬ ለሚያነበው እነዚህ ነገሮች የሚያስቁ ሊመስሉ ይችላሉ። ነገር ግን በሺህ በሚቆጠር ተመልካች ፊት የሚቆም ወጣት ከጨዋታው አስቀድሞ ከገዛ ፀጉሩ ጋር መታገሉ የዘመኑን ጭነት ክብደት ያሳያል።

ጁላይ 21 ቀን 1914 የብራዚል ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ፣ ኤክሰተር ሲቲ የተባለውን የእንግሊዝ ክለብ በሪዮ ደ ጃኔይሮ በፍሉሚኔንሴ ሜዳ ገጠመ። ፍሪደንራይሽ ከተሰለፉት አሥራ አንዱ አንዱ ነበር። ብራዚል ሁለት ለዜሮ አሸነፈች። እርሱ ግን ግብ አላገባም፤ ከባላጋራ ተጫዋች ጋር በተጋጨ ጊዜ ሁለት ጥርሶቹ ወልቀው፣ ደሙን አብሶ ጨዋታውን ቀጠለ። የብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ እንዲህ ባለ ቀን ተጀመረ።

ስሙን ከሳዎ ፓውሎ አልፎ በአህጉሩ ሁሉ ያስጠራው ግን የ1919ኙ የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና ነው። ውድድሩ በ1918 ሊደረግ ታስቦ የነበረ ሲሆን፣ ዓለምን በፈጀው የኅዳር በሽታ ምክንያት ወደሚቀጥለው ዓመት ተላልፎ ነበር። የተገናኙት ቡድኖች አራት ናቸው፤ ብራዚል፣ ኡራጓይ፣ አርጀንቲናና ቺሊ። ፍሪደንራይሽ በመጀመሪያው ግጥሚያ በቺሊ ላይ ሦስት ግብ አግብቶ ቡድኑ ስድስት ለዜሮ አሸነፈ። ብራዚልና ኡራጓይ ሁለት ለሁለት ተለያይተው በነጥብ እኩል ስለ ሆኑ ለዋንጫው ሜይ 29 ቀን እንደገና ተገናኙ። ኡራጓይ ያለፉትን ሁለት ሻምፒዮናዎች ያሸነፈች አገር ነበረች። ዘጠና ደቂቃ ያለ ግብ አለቀ። ሠላሳ ደቂቃ ቢጨመርም ግብ አልተገኘም። ሌላ ሠላሳ ደቂቃ ተጨመረ። ሁለተኛው ጭማሪ እንደ ተጀመረ የኡራጓዩ በረኛ ሳፖሪቲ አንዱን ምት ሲመልስ ኳሷ ወደ ፍሪደንራይሽ መጣች፤ እርሱም ሳያቆማት መትቶ አስገባት። ጨዋታው በአጠቃላይ 150 ደቂቃ ፈጅቶ በአንድ ለዜሮ ተፈጸመ። ብራዚል የመጀመሪያዋን የደቡብ አሜሪካ ዋንጫ አገኘች።

ግቧን ያስቆጠረበት ጫማ በሪዮ ደ ጃኔይሮ በአንድ የጌጣጌጥ መደብር መስተዋት ውስጥ ለሕዝብ ታየ። ታዋቂው የሙዚቃ ሰው ፒሺንጊኛ ለዚያች ግብ መታሰቢያ አንድ ለዜሮ የሚል ስም ያለው ዜማ ደረሰ። የተሸነፉት ኡራጓውያንም ነብሩ ብለው ሰየሙት፤ ይህም ስም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። የከበሩ ድንጋዮች በሚሸጡበት መደብር ውስጥ ጫማው ቦታ ያገኘው ሰው ግን በዚያው አገር በብዙ በር በነፃነት ሊገባ አይችልም ነበር።

ይህ እውነት ከሁለት ዓመት በኋላ በግልጽ ታየ። የ1921ዱ ሻምፒዮና በቦነስ አይረስ በተደረገ ጊዜ ፕሬዚዳንት ኤፒታሲዮ ፔሶዋ ብራዚልን በውጭ አገር የሚወክሉት ነጭ ተጫዋቾች ብቻ እንዲሆኑ ማሳሰባቸው በታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ተጽፏል። በሪዮና በሳዎ ፓውሎ የስፖርት ሹማምንት መካከል የነበረው ጠብም ለቡድኑ መዳከም ሌላ ምክንያት እንደ ነበር የሚያስረዱ አሉ። ምክንያቱ በየትኛውም በኩል ቢመዘን፣ የ1919ኙ ባለ ድል ቤቱ ቀረ፤ ብራዚልም ያለ እርሱ ዋንጫውን ሳታገኝ ተመለሰች። በ1922 ውድድሩ እንደገና በሪዮ ሲደረግ ፍሪደንራይሽ ወደ ቡድኑ ተመለሰ፤ ብራዚልም ሁለተኛ ዋንጫዋን ወሰደች።

የአውሮፓ ሕዝብ በዓይኑ ያየው በ1925 ነው። በዚያን ጊዜ የሚጫወትበት ፓውሊስታኖ ክለብ የቡና ባለ ርስቶቹ ቤተሰቦች ክለብ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱ አንቶኒዮ ፕራዶ ጁኒየር ቡድኑን ወደ አውሮፓ ለመውሰድ ወሰነ። አንድ የብራዚል ክለብ አትላንቲክን ተሻግሮ በአውሮፓ ሲጫወት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቡድኑ በፌብሩዋሪ ወር ከሳንቶስ ወደብ ተነሣ። የፓሪስ ተመልካች ኡራጓይ በ1924ቱ ኦሊምፒክ ያሳየችውን ጨዋታ ገና ስላልረሳ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣን ቡድን ለማየት ጓጉቷል። ይሁን እንጂ ስለ ብራዚል እግር ኳስ የሚያውቅ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ማርች 15 ቀን በፓሪስ የተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ከፈረንሣይ ምርጥ ቡድን ጋር ነበር። ውጤቱ ሰባት ለሁለት ሆኖ ፓውሊስታኖ አሸነፈ፤ ከሰባቱ ግቦች ሦስቱ የፍሪደንራይሽ ናቸው። 32 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ፣ ሳይሆን አልፎት፣ ብዙ አጥቂዎች ጫማቸውን ለመስቀል በሚያስቡበት ዕድሜ ላይ ነበር። የፈረንሣይ ጋዜጦች በማግሥቱ ለእንግዶቹ የእግር ኳስ ንጉሦች የሚል ማዕረግ ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በባቡር እየተጓዘ በየከተማው ተጫወተ። በሴት ከተማ አንድ ለዜሮ ተሸነፈ፤ ሽንፈቱም ይኸው አንዱ ብቻ ነው። በቦርዶ አራት ለዜሮ፣ በለ ሀቭርና በስትራስቡርግ ሁለት ለአንድ፣ በስዊትዘርላንድ በበርን ሁለት ለዜሮ፣ በዙሪክ አንድ ለዜሮ አሸነፈ። ጉዞውንም በሊዝበን ስድስት ለዜሮ በሆነ ውጤት ደመደመ። በጠቅላላው አሥር ግጥሚያ አድርጎ ዘጠኙን አሸንፏል፤ 30 ግብ አግብቶ 8 ብቻ ገብቶበታል። ከ30ዎቹ ውስጥ አሥራ አንዱን ያገባው ፍሪደንራይሽ ነበር።

የዚህ ጉዞ ትርጉም ከውጤቱ ይበልጣል። አውሮፓ እግር ኳስን ለሌላው ዓለም ያስተማረች መምህር ነኝ ስትል ተማሪው ትምህርቱን በራሱ አካሄድ አሻሽሎ ሲመለስ አየች። ከተጓዦቹ መካከል ፊሎ በሚል ስም የሚታወቀው አንፊሎጂኖ ጓሪሲ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሮማው ላዚዮ ክለብ ተዛውሮ፣ በ1934 የዓለም ዋንጫን ካሸነፈው የኢጣሊያ ቡድን ጋር ተሰልፏል። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ የብራዚል ተጫዋቾች የሚመላለሱበት መንገድ የተጠረገው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። ፍሪደንራይሽ ራሱ ግን በአውሮፓ አልቀረም። ከቡድኑ ጋር በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ከተማው ተመለሰ፤ በ1927፣ በ1928ና በ1929 በተከታታይ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ።

ፓውሊስታኖ ለተጫዋች ገንዘብ መክፈል በስውር መስፋፋቱን በመቃወም በ1929 መጨረሻ ከእግር ኳስ ውድድር ራሱን ባገለለ ጊዜ፣ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ በጃንዋሪ 1930 ወደ ተቋቋመው ሳዎ ፓውሎ ክለብ ተሻገሩ። ፍሪደንራይሽም ከእነርሱ ጋር ሄደ። በ1931 ክለቡ የሳዎ ፓውሎ ሻምፒዮን ሲሆን እርሱ 39 ዓመት ሊሞላው ነበር ወይም ሞልቶታል፤ ያም ሆኖ ከአጥቂው መስመር አልወጣም። በመካከሉ ግን በሕይወቱ የማይተካ ነገር አመለጠው። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በ1930 በሞንቴቪዴኦ ሲደረግ፣ በሪዮው ፌዴሬሽንና በሳዎ ፓውሎ ሹማምንት መካከል በተነሣ ጠብ የሳዎ ፓውሎ ተጫዋቾች ከአንድ ሰው በቀር ሳይሄዱ ቀሩ። ብራዚልም በዩጎዝላቪያ ተሸንፋ ከምድቧ ሳታልፍ ተመለሰች። አንድ ጊዜ መልኩ፣ ሌላ ጊዜ የአለቆች እልክ ከቦታው አስቀረው፤ የዓለም ዋንጫ ሜዳ እንደ ተመኘው ቀረ።

በጁላይ 1932 የሳዎ ፓውሎ ክፍለ አገር ሕገ መንግሥት ይውጣልን በማለት በጌቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት ላይ በተነሣ ጊዜ ፍሪደንራይሽ ከስፖርተኞች ተውጣጥቶ በተቋቋመው ጦር ውስጥ ዘመተ፤ የመኮንንነት ማዕረግም አገኘ። በጨዋታ ያገኛቸውን ሽልማቶች ለዘመቻው መዋጮ እንደ ሰጠም ተጽፏል። ጦርነቱ በሦስት ወር ውስጥ በሳዎ ፓውሎ ሽንፈት አለቀ። ስሙ በጀርመንኛ በሰላም የበለጸገ ማለት የሆነው ሰው ከምሽግ ወጥቶ እንደገና ወደ ሜዳ ገባ። በማርች 1933 በብራዚል ለተጫዋቾች በይፋ ደመወዝ የሚከፈልበት ዘመን በሳዎ ፓውሎና በሳንቶስ ግጥሚያ ሲከፈት፣ የዘመኑን የመጀመሪያ ግብ ያስቆጠረው ይኸው የ40 ዓመት ሰው ነው። የዕድሜውን ዋና ክፍል ያለ ደመወዝ ተጫውቶ ደመወዙ በሕግ ሲፈቀድ ጉልበቱ አልቆ ነበር። በ1935 በሪዮው ፍላሜንጎ ማልያ ጨዋታ አቆመ።

ከዚያ በኋላ የኖረው ኑሮ የተራ ሠራተኛ ኑሮ ነው። በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ ተቀጥሮ እስከ ጡረታ ሠራ። ሀብት አላከማቸም። በመጨረሻ ዘመኑ የሳዎ ፓውሎ ክለብ ባዘጋጀለት ቤት ውስጥ ሲኖር ሕመም ተጫጭኖት የማስታወስ ችሎታው ከዳው፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰውን የ1919ኙን ቀን እርሱ ረሳው። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1969 በ77 ዓመቱ ዐረፈ። ሁለት ወር ከግማሽ ያህል ቆይቶ፣ ኖቬምበር 19 ቀን፣ ፔሌ በማራካኛ ስታዲዮም ሺኛ ግቡን ሲያገባ መላው ዓለም አጨበጨበ። ከፔሌ በፊት ከሺህ በላይ አግብቷል የሚባል ሌላ ብራዚላዊ መኖሩ የተነሣውም በአብዛኛው በዚያን ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ የቁጥሩ ነገር ይመጣል። ታሪኩ እንዲህ ይነገራል። የግቦቹን ዝርዝር በመጀመሪያ አባቱ ኦስካር መመዝገብ ጀመረ፤ በኋላም ማሪዮ ደ አንድራዳ የተባለ የፓውሊስታኖ የቡድን ጓደኛው መዝገቡን ቀጠለበት። ይህ ሰው በ1960ዎቹ ዓመታት ድምሩን ለአንድ ጋዜጠኛ አሳወቀ፤ ድምሩም 1,239 ነበር። ነገር ግን ወረቀቶቹ ለሕዝብ ሳይታዩ ሰውየው ሞተ፤ ወረቀቶቹም ደብዛቸው ጠፋ። ከዚያም ቁጥሩ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሻገር ሁለት አኀዞች ቦታ ተለዋወጡና 1,239 የነበረው 1,329 ሆነ። በአንድ የአጻጻፍ ስሕተት ዘጠና ግብ ተወለደ። ስሕተቱ የድንቅ ሥራዎች መዝገብ እስከሚባሉት መጻሕፍት ድረስ ገብቶ ለብዙ ዓመታት እንደ እውነት ተደግሟል።

የኋላ ተመራማሪዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። የዘመኑን ጋዜጦች አንድ በአንድ እየገለጡ፣ ግጥሚያውን፣ ቀኑንና ግብ አግቢውን እያመሳከሩ እንደገና ቆጠሩ። አሌሻንድሬ ዳ ኮስታ በ561 ጨዋታዎች 554 ግብ አገኘ። ሴቬሪኖ ፊልዮ የተባለው ሌላው ተመራማሪ ደግሞ በ562 ጨዋታዎች 558 ቆጠረ። ለየብቻ የተሠሩ ሁለት ቆጠራዎች በአራት ግብ ብቻ መለያየታቸው ውጤቱ የሚታመን መሆኑን ያመለክታል። የጠፉ ጋዜጦችና ያልተዘገቡ የወዳጅነት ጨዋታዎች ጥቂት ሊጨምሩ ይችሉ ይሆናል፤ ሰባት መቶ ግብ ግን ተደብቆ አይቀርም።

ቁጥሩ በዚህ ሁኔታ ከግማሽ በታች ሲወርድ የሰውየው ዝና የወደቀ የመሰላቸው አልጠፉም። ይሁንና ሒሳቡን ላስተዋለ ነገሩ ተቃራኒ ነው። 554ቱ ለ561 ቢካፈል በመቶ ጨዋታ ወደ 99 ግብ ይደርሳል። ይህም ለአንድ ወይም ለሁለት የውድድር ዘመን ሳይሆን ከ1909 እስከ 1935 ለ26 ዓመታት የተጠበቀ አማካይ ነው። በከባድ የቆዳ ኳስ፣ ዝናም ባበላሸው ሜዳ፣ የሚጎዳ ተጫዋች በሌላ በማይተካበት ዘመን የተገኘ ውጤት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የተጋነነው ቁጥር ሰውየውን አፈ ታሪክ አድርጎት ነበር፤ አፈ ታሪክን ማመንም ሆነ መካድ ቀላል ነው። የተጣራው ቁጥር ግን የሚጨበጥ ሰው አድርጎ መልሶታል፤ ከማንም ጋር ሊመዘን የሚችል፣ ተመዝኖም የማይቀል።

ከዚህ ሕይወት ውስጥ የትኛውም ቆጠራ ያልያዘው ነገር ደግሞ አለ። በ1921 ያልተጫወተው ጨዋታ በመዝገብ ላይ ዜሮ ሆኖ እንኳ አልተጻፈም። በ1930 በሞንቴቪዴኦ ሊያገባ ይችል የነበረው ግብ በየትኛውም ድምር ውስጥ የለም። በመስተዋት ፊት ፀጉሩን ለማርታት ያጠፋውን ጊዜ የቆጠረለት የለም። ሰውን በትክክል ለመመዘን የሠራውን መመዝገብ ብቻ አይበቃም፤ እንዳይሠራ የተከለከለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። አርቱር ፍሪደንራይሽ የተፈቀደለትን ያህል ተጫውቶ፣ በተጫወተበት ሁሉ በየጨዋታው አንድ ግብ ያህል ትቶ አልፏል። ለታላቅነቱ ማስረጃ የጠፋው ወረቀት አያስፈልገውም፤ የተገኘው ይበቃዋል።